ልጄ መጽሐፍ ስሰጣት «ፈተና አለው?» ትለኛለች

የጀሞዋ ባለሱቅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ የሰው ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። በትምህርት አትታማም። ደረጃ ታወጣለች፣ ደብተሯ ንጹሕ ነው፣ ሚሷም ትወዳታለች። ግን ከትምህርት ውጭ መጽሐፍ የሚባል ነገር በእጇ አትነካም።

ከሁለት ወር በፊት ዕቃ ላመጣ መርካቶ ሄጄ ስመለስ፣ ሜክሲኮ አንድ አዟሪ የልጆች ተረት ይዞ አየሁ። የጅብና የአህያ ታሪክ ነው። ባለ ቀለም ሥዕል፣ ሠላሳ ገጽ እንኳ አይሞላም። 150 ብር አለኝ፤ ተከራክሬ በ120 ወሰድኩት። ቤት ገብቼ «እንኪ፣ ላንቺ ነው» አልኳት። ሽፋኑን አየች። ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ማሚ፣ ፈተና አለው?»

«የለውም» አልኳት። «እሺ» ብላ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ አቧራ ስጠርግ ካልሆነ የሚያነሳው የለም።

ጥፋቱ የኔም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በግድ ሞከርኩ። በቀን ሦስት ገጽ ታነባለች፣ እኔ ሱቅ ዘግቼ ስገባ እጠይቃታለሁ። ጅቡ ምን አለ? አህያዋ የት ደረሰች? ካልመለሰች እንደገና። ሦስተኛው ቀን ላይ አለቀሰች። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አለቀስኩ።

ቀጥሎ በጉቦ መጣሁ። «ካነበብሽ ግማሽ ሰዓት ስልክ» አልኳት። በአራት ደቂቃ ጨርሳ እጇን ዘረጋች። «ስለ ምንድነው?» ስላት «ስለ ጅብ» አለችኝ። እሱማ ሽፋኑ ላይም አለ!

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ሲሆን ወለል አድርጋ ታነባለች። አማርኛ ሲሆን ትንተባተባለች። የምናወራው በአማርኛ፣ የምትጣላኝ በአማርኛ። ፊደሉን ሁሉ ታውቃለች። ግን አንዱን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ትለውና ተናዳ ትተወዋለች።

እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን መጽሐፍ አልነበረም። አያቴ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እያልን እንከባታለን። አሁን መብራት ሲጠፋ የኔ ልጅ የምትለኝ «ስልክሽ ቻርጅ አለው?» ነው።

ማንበብ እንድትወድ እንዴት ላድርጋት? ስድብ ግን አልፈልግም። ስልክ ሰጠሻት ብላ እናቴ በቂውን ሰድባኛለች።

ቀጥታ ተናጋሪ

ስልኩን ንጠቂያት፣ አለቀ። እኛ ስልክ ነበረን?

የጀሞዋ ባለሱቅ

ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ነው የምታየው።

ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ አይዞሽ። 31 ዓመት ያስተማርኩት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንዳንቺ ልጅ ያለ ብዙ አይቻለሁ።

ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም፤ ነቄ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ይዞ የመጣ ትልቅ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ሲጠይቃት ነው የኖረው። ብትጠረጥር ይፈረድባታል? ይኸው አንቺም ጅቡን ይዘሽ መጣሽና ጠየቅሻት። የጠረጠረችው ደረሰ።

ወደ መንተባተቡ ልምጣ፤ ሰው ልብ የማይለው እሱን ነው። አማርኛ እንደተጻፈው ይነበባል እንላለን። ውሸት ነው። ማጥበቅና ማላላቱ የት ተጻፈ? «አለ»ን አላልተሽ ካነበብሽው ተናገረ ማለት ነው። ካጠበቅሽው ይገኛል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ይመታል»ም እንደዚሁ ነው፤ መቺው ይሁን ተመቺው የሚለየው በአንባቢው አፍ ነው። እኔና አንቺ አነጋገሩን በጆሯችን ስለምናውቀው ሳናስበው እንለየዋለን። ልጅ ግን እዛ ላይ ይቆማል።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ሁለተኛ ክፍል። ጮክ ብሎ እያነበበ «ወደ ዋናው በር ሄደ» የሚል ላይ ደረሰ። አላላው። የውኃ ዋና አደረገው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ኮስተር ብሎ «ቲቸር፣ በሩ ጋ ወንዝ አለ እንዴ?» አለኝ። እየው፣ ልጁ እያሰበ ነው የሚያነበው። እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ከክፍሉ ጋር አብሬ ሳቅሁ። ያ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለማንበብ እጁን አላወጣም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ደግሞ የመጽሐፍ አማርኛ የሱቅሽ አማርኛ አይደለም። ሱቅ መጥቶ «በማለት መለሰለት» የሚልሽ ደንበኛ አለ? ልጅሽ በጆሮዋ ያልሰማችውን በዓይኗ እንድታውቀው ነው የጠየቅናት። እንግሊዝኛውን እኮ ከሚሷም ከካርቱኑም እየሰማች ነው ያነበበችው።

እኔ የቄስ ተማሪ ነበርኩ። ፊደሉን በስንደዶ እየነካን፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ ዳዊት። አርጩሜም ነበረ፤ ስለዚህ ያ ዘመን ይመለስ አልልም። ግን የዳዊቱ ገጽ ሳይገለጥልን ድምፁ ጆሯችን ውስጥ ነበር። ትልልቆቹ ሲደግሙ እየሰማን ነው ያደግነው።

ስለዚህ አንቺ አንብቢላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትልቅ ናት አትበይ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ገጹ እንዲታያት አድርገሽ። አንድም ጥያቄ አትጠይቂ። ጅቡ በሩን ሊያንኳኳ ሲል መጽሐፉን ክደኚና «ደከመኝ» በያት።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የትንንሽ ልጆች ንባብ ሲፈተሽ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ መምህራኑ ሁሉ ደነገጥን። ከዚያ በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ። ያንቺ ልጅ ይህን አልፋለች፤ ማንበብ ትችላለች። የጎደላት ምክንያት ነው።

የጀሞዋ ባለሱቅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማጥበቅና ማላላቱን በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። ግን ሱቅ የምዘጋው ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ስገባ እሷ ልትተኛ ነው፣ እኔ እግሬ አብጧል።

ጡረተኛው መምህር

ሱቁ ውስጥ ይሁን። ደንበኛ ሲመጣ ታቆሚያለሽ። ደንበኛውም ይስማ።

እኔም ሚስ ነኝ

የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በጥያቄ ጠላችው ስትሉ ትንሽ ከፋኝ። ክፍሌ ውስጥ 54 ልጅ አለ። ሳልጠይቅ ማን አነበበ፣ ማን የጓደኛውን ከንፈር እያየ አፉን ብቻ አንቀሳቀሰ፣ በምን ልወቅ?

ግን ጋሼ ያሉትን በትንሹ አየዋለሁ። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ አሥር ደቂቃ አነብላቸዋለሁ። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ ታሪኩን በትልቅ ወረቀት በማርከር ገልብጬ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። እጄ እስኪዝል። ከኋላ የሚቀመጡት ወደ ፊት ይመጡና መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ደወል ሲደወል የማይነሱት በሳምንት አንዴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ የጥያቄና መልስ ልምምድ ብዬ ሥሩ ላይ አምስት ጥያቄ ጻፍኩበት። በሚቀጥለው ዓርብ ማንም መሬት ላይ አልተቀመጠም። እና አዎ፣ ከፋኝ እንጂ ልክ ናችሁ።

የሐዋሳው

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን አይደለም። ጅቡን ተዪው! ልጅቷ ጅብ እንደምትወድ ማን ነገረሽ? የመረጥሽው አንቺ ነሽ።

እኔ ሐዋሳ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ተረት እያወራሁ አይደለም። ጋሪ ነው፣ መደርደሪያ አለው፣ መጽሐፍ ሞልቶታል። የጀመረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው። አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በ2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አህዮቹን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የሄድኩት ለአህዮቹ ነው።

እዛ ጋሪ ጋ ማንም አይጠይቅህም። ታነሳለህ፣ ካልጣመህ ትመልሳለህ። ሽፋኑ ላይ መርከብ ያለበት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። አንዲት ቃል አይገባኝም። በመጡ ቁጥር እሱኑ አነሳለሁ፣ ታሪኩን እኔ እፈጥራለሁ። እስከ ዛሬ ትክክለኛውን ታሪክ አላውቅም፤ ባውቀውም የኔን የሚያክል አይመስለኝም።

አንድ ቀን ሱቁን ለሰው አደራ በይና አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጃት። በ2014 በኛ አቆጣጠር ነው የተከፈተው፤ የልጆች ክፍል አለው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ነው። መደርደሪያው ጋ ስትደርሱ ግን ልቀቂያት፤ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። አምስቱን ገልብጣ ብትመልስ አትቆጪ። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከስፖርት ጋዜጣ ሌላ አላነበብኩም። የአርሰናልን አሰላለፍ ግን ማንም ሳይፈትነኝ በቃሌ እለው ነበር።

ለመሆኑ ምን ትወዳለች?

የጀሞዋ ባለሱቅ

ምን ትወዳለች? የሰው ወሬ! ማን መጣ፣ ማን ተጣላ፣ ማን ዕቃ ጭኖ ወጣ። የዚህ መጽሐፍ አለው?

የመጽሐፍ አከራይ ልጅ

ልቦለድ ማለት የሰው ወሬ አይደል እንዴ እህቴ? አባቴ ደሴ በራችን ላይ መጽሐፍ ያከራይ ነበር፣ ለአንድ ቀን 25 ሳንቲም። ጥራዙ የላላውን መጽሐፍ እያነሳ «ይህ ነው የሚበላው» ይለን ነበር። የላላው ሁሌም ወሬ የበዛበት ነው።

የሁለት ወንዶች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ያንቺ ችግር እኔም ቤት አለ፣ ግማሹ። ልጆቼ ላይብረሪ ገብተው በካርዳቸው የመጽሐፍ ክምር ታቅፈው ነው የሚወጡት። እንግሊዝኛውን ይበሉታል። አማርኛ ሲሆን ድርቅ።

ሁለት ቋንቋ ያለው መጽሐፍ ገዛሁ፤ ከላይ አማርኛ፣ ከታች እንግሊዝኛ። የትልቁ ዓይን ቀጥ ብሎ ታች ይወርዳል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ እንግሊዝኛውን ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። ገጹን መስኮት ላይ ደግፎ በብርሃን አነበበው። ሰላይ ነው ያሳደግሁት።

የተለወጠው ሳላስበው ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ማንበብ አትችልም። እሑድ በቪዲዮ ስንደውል ልጁ «ደህና ነኝ አያቴ» ካለ በኋላ ያልቅበታል። አንድ ቀን ዝምታው ሲከብደኝ «እስኪ ለአያትህ አንብብላት» አልኩት። ጀመረ። ተንተባተበ። ጋሼ እንዳሉት የሚጠብቀውን አላላ፣ የሚላላውን አጠበቀ። እናቴ አልሳቀችም። ቃሉን ለራሷ እንደምትናገር ሆና በትክክሉ ትደግመውና «እህ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። ትንሽ ያነባል። «ኧረ! ከዚያስ?»

ሳስበው እሷ መልሱን አታውቀውም። እኔ ስጠይቀው እንደማውቅ ያውቃል። ቲቸሩም መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀው። እናቴ ግን እሱ ካልነገራት ታሪኩን የምታገኝበት መንገድ የላትም። አሥር ዓመቱ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ሰው የሚያስፈልግ ነገር እጁ ላይ ሆነ። አሁን ቅዳሜ ማታ በሩን ዘግቶ ይለማመዳል።

ትንሹ ግን ያው ነው። ለእሱ አልሠራም። ይህንንም ልንገርሽ ብዬ ነው።

አማርኛ ታሪክ ካጣሽ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። አጫጭር ነው፣ ሥዕል አለው፣ አውርደሽ ማተምም ይቻላል። አንዳንዱ ትርጉም ደረቅ ስለሆነ አይተሽ ምረጪ።

የጀሞዋ ባለሱቅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠፍታ ቀረች እንዳትሉኝ።

ማንበቡን ሱቅ ውስጥ ጀመርን፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። የመጀመሪያው ቀን «ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ። አልጠይቅም አልኳት። «ሙች በይ።» ሙች አልኩ። ከዛ ዱባ በሚያህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

እኔ ራሴ ስሳሳት ብታዩ! «ገና አልደረሰም» የሚለውን እንደ በዓሉ አጥብቄ አነበብኩት። «ማሚ! በዓሉ አይደለም!» ብላ በሳቅ ሞተች። ስኳር ሊገዙ የመጡ አንድ እናትም አብረው ሳቁ። ከዛ በኋላ ስህተቴን እየጠበቀች ዓይኗን ከገጹ አልነቅል አለች። አንዳንዴ ሆን ብዬ እሳሳትላታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የምሬን ነው።

ጋሼ እንዳሉኝ ጅቡ በሩ ጋ ሲደርስ ከደንኩት። «ደከመኝ» አልኳት። እኔ ዞር ስል አንስታ የምትጨርሰው መስሎኝ ነበር። ኧረ ወዲያ! ሄዳ ገመድ ዘለለች።

አብርሆትም ሄድን። ሰባት መጽሐፍ አውጥታ ሰባቱንም መለሰች። አልተቆጣሁም፣ ጥርሴን ነክሼ። አንድ ስለ ንብ የሚያወራ ላይ ግን ረዘም አድርጋ ቆየች። ስንወጣ ማር ግዢልኝ አለች፣ አልገዛሁም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ (ዋናውን፣ ጋሼ፣ ጠብቆ ነው)። ረቡዕ ዕለት ዕቃ ቆጥሬ ዞር ስል ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የሆነ ነገር ይዛ ተመስጣለች። የዱቤ ደብተሬን! የኔን የእጅ ጽሑፍ እኔም አንዳንዴ አላነበውም። እሷ ጣቷን እያስኬደች ትሄዳለች። «ሦስተኛ ፎቅ፣ 2 እንቁላል፣ 1 ሻማ፣ ነገ።» ቀጥሎ «ሦስተኛ ፎቅ፣ 2 እንቁላል፣ ነገ ማታ።» ከዛ ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ከዛ «ሦስተኛ ፎቅ፣ 10 እንቁላል፣ አጃ፣ ዳይፐር፣ ተከፈለ።»

ቀና ብላ «ማሚ፣ ወለዱ እንዴ?» አለችኝ።

ወልደዋል! ያንን ሁሉ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንድም ቀን እንደዚህ አላየሁትም። ከዛ ወዲህ ደብተሩ አይበቃትም፤ «የድሮውስ የት አለ?» ትለኛለች። የ2016ን ሰጠኋት። ጎረቤቶቼ ይህን ቤት እንደማያነቡት ተስፋ አለኝ።

ትናንት ደግሞ የሁለተኛ ፎቁ ትንሹ ልጅ ከረሜላ ሊገዛ መጣ። ይዛው ቁጭ አለችና የጅቡን ታሪክ እስከ መጨረሻው ነገረችው። አፉን ከፍቶ ነው የሰማት፣ ከረሜላውን ረስቶ ሊሄድ ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ፣ መጽሐፉን አልጨረሰችውም። ከበሩ በኋላ ያለውን በሙሉ ራሷ ፈጥራ ነው። ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ማንበብ ይቆጠራል?

ጡረተኛው መምህር

ይቆጠራል ወይ ስትዪ ይኸው ደግመሽ ማርክ ልትሰጫት ነው። እሱን ተዪውና፣ ጅቡ ምን ሆነ?

የጀሞዋ ባለሱቅ

ሱቅ ከፈተ ጋሼ። ለሰው ሁሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ለአህያዋ ብቻ በዱቤ። ለምን ስላት «ቀስ ብሎ ሊበላት ነዋ» አለችኝ።